ስለ ዲቢኤስ ምርመራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝና በዌልስ ከሕፃናት፣ ከአረጋውያንና ከሕሙማን ጋር ለመሥራት የሚጠየቀውን የዲቢኤስ ምርመራ የሚመለከቱ ናቸው። ዲቢኤስ የሰውን የወንጀል መዝገብ ፈትሾ ውጤቱን በምስክር ወረቀት የሚሰጥ የመንግሥት ተቋም ነው። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ ሥራው የሌሎች ተቋማት ስለሆነ፣ በዚያ የምትኖሩ አሠሪያችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣሁት የምስክር ወረቀት መቼ ያበቃል?

መልስ፦ የማብቂያ ቀን የለውም፤ የሚናገረው እስከተሰጠበት ቀን ስላለው ብቻ ስለሆነ ግን አዲሱ አሠሪዎ ሌላ እንዲያወጡ ቢጠይቅዎ አይቀየሙ።

ጥያቄ፦ በኬር ሆም (በመጦሪያ ቤት) ሊቀጠሩ ያሉ አንባቢ ስማቸው በፓስፖርታቸውና በሌላ መታወቂያቸው ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን፣ በአንደኛውም ላይ የአያታቸው ስም መቅረቱን ይገልጹና «ነገር እንዳይበዛ፣ ሌላ ስም የሚለውን ቦታ ባዶ ልተወው?» ይላሉ።

መልስ፦ በፍጹም አይተዉት። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው እንደሚለያይ እኛ እናውቃለን፤ መርማሪው ግን የሚያውቀው እርስዎ የጻፉለትን ነው። በሰነድ ላይ የተጠቀሙበትን ስም ሁሉ ከነዘመኑ ያስፍሩ። ከንቱ ጣጣ እንዳይመስልዎ፤ ሥርዓቱ የዛሬ መልኩን የያዘው በከፊል ከስም ጋር በተያያዘ ስሕተት የተነሣ ነው። ኢያን ሀንትሊ በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሶሃም ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት በሕንፃ ተንከባካቢነት ሲቀጠር በሁለት የቤተሰብ ስም ይታወቅ ነበር፤ የአካባቢው ፖሊስ ግን መዝገቡን የፈተሸው በአንደኛው ብቻ ነበር። ቀድሞ በኖረበት በሀምበርሳይድ በተደጋጋሚ የቀረቡበት የወሲብ ወንጀል ጥቆማዎችም በአግባቡ ተይዘው አልቆዩም። በኦገስት 2002 ሁለት የአሥር ዓመት ልጃገረዶችን ገደለ። በሰር ማይክል ቢቻርድ የተመራው አጣሪ ጉድለቱን በ2004 ይፋ ካደረገ በኋላ ተጋላጭ ሰዎችን የሚጠብቀው ሕግ በ2006 ወጣ፤ ዲቢኤስም በዲሴምበር 2012 ከሁለት ቀዳሚ ተቋማት ውሕደት ተቋቋመ።

ጥያቄ፦ ኩዌት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዲቢኤስ የዚያን መዝገብ ያያል?

መልስ፦ አያይም። አሠሪዎ ከኖሩበት አገር ፖሊስ ማስረጃ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ከኢትዮጵያ ከሆነ ፌዴራል ፖሊስ አሻራ ተቀብሎ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የዛሬ አሥር ዓመት ከሱቅ ዕቃ ወስጄ ፖሊስ «ኮሽን» (ክስ ሳይመሠረት የሚሰጥ መደበኛ ማስጠንቀቂያ) ሰጥቶኛል፤ የነርስ ረዳትነቱ ሕልሜ አከተመ?

መልስ፦ አላከተመም። አዋቂ ሆነው የተቀበሉት ኮሽን፣ ጥፋቱ በሕግ ከተዘረዘሩት ከባድ ወንጀሎች ካልሆነ፣ ከ6 ዓመት በኋላ በምስክር ወረቀቱ ላይ አይወጣም፤ ተራ ስርቆትም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለማረጋገጥ ናክሮ ወይም አንሎክ የተባሉትን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአንድ ሰበካ ጉባኤ አባል ደብዳቤ ከሁሉ ይከብዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ በልጃቸው ላይ ነውር መፈጸሙን ሲናገሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ሰውየው ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። አሁን በዚያ ልጆች ሊያስተምር ነው፤ ዲቢኤሱም ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል። «በእርቅ የተዘጋን ነገር መቀስቀስ ኃጢአት አይሆንብንም?»

መልስ፦ ኃጢአት የሚሆንባችሁ ዝምታው ነው። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ባልና ሚስትን፣ ወንድማማቾችን፣ አበዳሪና ተበዳሪን ሲያስታርቅ አይቻለሁ። ይህ ሰው ግን ከማን ጋር ታረቀ? ልጅቱ በጉባኤው አልተቀመጠችም፤ ይቅር ለማለትም ይቅርታ ለመንፈግም ዕድሜዋ አልደረሰም፤ ነገ በእጁ የሚገቡት ልጆችማ ጭራሽ አያውቁም። ወረቀቱ ንጹሕ የሆነው የማኅበሩን ገመና ለመሸፈን ስትሉ ለማንም ስላልተናገራችሁ ነው። ኢንሃንስድ በሚባለው ጠለቅ ያለ ምርመራ ፖሊስ ክስ ያልቀረበበትን መረጃ እንኳ፣ ለሥራው አግባብነት እንዳለው በምክንያት ካመነ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ ሊያሰፍር ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን አስቀድሞ የነገረው ሰው ካለ ነው። በተጨማሪም ልጆችን በየሳምንቱ ያለ ተቆጣጣሪ የሚያስተምር ሰው፣ ደመወዝ ባይከፈለውም፣ ሕጉ በልዩ ሁኔታ በሚቆጣጠረው ሥራ ላይ ነው፤ በልጅ ላይ ጉዳት በማድረሱ ከሥራው ያነሣው፣ ወይም ራሱ ቀድሞ ባይለቅ ኖሮ ያነሣው የነበረ ድርጅት፣ ጉዳዩን ለዲቢኤስ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ዲቢኤስ ከተከለከሉት ሰዎች መዝገብ ካስገባው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣዋል።

ስለዚህ ለእኔ መጻፍዎ አይበቃም። ዛሬውኑ ለፖሊስ በ101፣ ልጅ አሁን አደጋ ላይ ነው ብለው ከሠጉም በ999 ይደውሉ፤ ሰውየው ላለበት ከተማ ካውንስል የሕፃናት ጥበቃ ክፍልም ያሳውቁ። ለእሱ ቀድማችሁ አትንገሩት፤ ልጅቱንም ራሳችሁ አትመርምሯት፤ ያ የሠለጠኑ ሰዎች ሥራ ነው። እናትየውን ግን ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ ልጃቸው ሐኪም ወይም አማካሪ አግኝታ እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኛ ለምርመራው ይከፍላል?

መልስ፦ ዲቢኤስ አያስከፍልም፤ ማመልከቻውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ግን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።