ቦርጭ ይዞ ጂዩ ጂትሱ

ባለፈው የብራዚል ጂዩ ጂትሱ (መሬት ላይ እየታገሉ በማነቅና መገጣጠሚያ በመወጠር የሚሸናነፉበት ስፖርት) ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ ብዬ ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

110 ኪሎ ነኝ፣ ፎቅ ስወጣ ራሱ ያለከልከኛል። መጀመሪያ ጂም ገብቼ ልቀንስና ልጀምር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔም እንደዛ ብዬ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ቦርጩም አብሮኝ ቆየ። ወንድሜ፣ ትሬድሚል ላይ ግማሽ ሰዓት የሚሮጥ ሰው እንኳ አንድ ወፍራም ሰው ደረቱ ላይ ሲተኛበት በሁለት ደቂቃ ያልቅለታል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሲባል ትንፋሹን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከጣቱ እስከ አንገቱ ያለውን ጡንቻ በአንዴ ነው የሚወጥረው። ያንን የምትተወው እዛው ምንጣፉ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ሥራህ መተንፈስ ብቻ ይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሃል። አንድ ዙር ታግለህ ቀጣዩን ግድግዳ ተደግፈህ ብታይ ማንም አይስቅብህም። ማሟሟቂያው ላይ ዳሌን እየገፉ በጀርባ መንሸራተት አለ፣ እሱ መጀመሪያ ይገድልሃል፣ ግን ከሥር ሆነህ የሚያወጣህም እሱ ነው። የልብ ችግር፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብህ ግን ሐኪም ሳታይ እንዳትሞክር። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በመጀመሪያው ቀን 55 ኪሎ የማትሞላ ልጅ አነቀችኝ። አፍሬ አልተመለስኩም።

እንኳን ደስ አለህ፣ ስፖርቱ እንደሚሠራ በራስህ አንገት አረጋግጠሃል! ብራዚላዊው የጂዩ ጂትሱ ተፋላሚ ሮይስ ግሬሲም በ1993 እ.ኤ.አ. ዴንቨር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ (የተለያየ ስልት ያላቸው ተፋላሚዎች የሚገጥሙበት ውድድር) በ80 ኪሎ ገደማ ክብደት በአንድ ምሽት ከሱ የሚከብዱ ሦስት ሰዎችን አሸንፎ ነው ዓለም ይሄን ነገር ያወቀው። ልጅቷ ጠላትህ አይደለችም። ሲያንቁህ ወይም ክርንህን ሲወጥሩት በእጅህ ሁለት ሦስቴ መታ ታደርጋለህ (ተሸነፍኩ፣ ልቀቁኝ ማለት ነው)፣ ይለቁሃል፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። በቃ። እኔ አንዴ «ትንሽ ልቻለው» ብዬ ክርኔ ለስድስት ሳምንት የቡና ሲኒ ማንሳት አቃተው። ቶሎ መታ አድርግና ሂድ አመስግናት።

ዱባይ ነው የምሠራው። መጀመር እፈልጋለሁ፣ ከወንድ ጋር መታገሉ ግን ከበደኝ።

እህቴ፣ ካለሽበት አገር የተሻለ ቦታ አታገኚም። ኤምሬትስ ውስጥ ጂዩ ጂትሱ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፣ የሴቶች ብቻ ክፍል ያላቸው ቦታዎችም አሉ። ደውለሽ ጠይቂ። ቅይጥ ክፍል ብትገቢም «ከሱ ጋር አልታገልም» ማለት መብትሽ ነው፤ ምክንያት መደርደር የለብሽም። ምክንያት ካልነገርሽኝ የሚል አሠልጣኝ ካጋጠመሽ ቦታ ቀይሪ። ከጊው (የልምምዱ ወፍራም ልብስ) ሥር እጅጌው ረጅም የሆነ ጥብቅ ቲሸርትና ታይት ይለበሳል።

ሁዳዴ ላይስ?

ባዶ ሆድህን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተህ ከባድ ትግል አትግባ፣ ያዞርሃል። ስልቱን ብቻ ቀስ ብለህ ተለማመድ፣ ወይም ማታውን ክፍል ምረጥ። ምስርና ሽምብራ ይጠግኑሃል። ግን ከልምምዱ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ብላ። ሽሮ በልቼ ወዲያው ገብቼ አንድ ሰው ሆዴ ላይ የተቀመጠ ቀን የሆነውን አልጽፈውም።

47 ዓመቴ ነው። ጥቁር ቀበቶ እደርሳለሁ?

ጋሼ፣ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። ቢጀምሩትም ባይጀምሩትም 57 መሙላትዎ ግን አይቀርም። ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር እልህ አይጋቡ እንጂ ሌላው ይደረስበታል።

ምን ልግዛ?

ለጊዜው ምንም። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ቀን ነፃ ነው፣ ጊ የሚያውሱም አሉ። ጥፍርህን ቁረጥ። ከምንጣፉ ስትወርድ ነጠላ ጫማ አድርግ፣ በባዶ እግርህ ሽንት ቤት ደርሰህ የምትመለስ ከሆነ ጭርት ለሁላችንም ታዳርሳለህ። ጊውን በለበስክ ቁጥር እጠበው። ቀበቶውንም። «ቀበቶ ከታጠበ እውቀቱ አብሮ ይሄዳል» የሚሉህ ይኖራሉ፣ አጠገባቸው ቆመህ አሽትታቸው።