መልስ፦ የሻንካር ዳዳ ኤምቢቢኤስ ሰብታይትል ለምን ከንግግሩ ጋር አይገጥምም?

የጫንከው ሰብታይትል (የግርጌ ጽሑፍ) የሂንዲው ፊልም የሙና ብሃይ (እ.ኤ.አ. 2003) ነው። ያንተ ፋይል ግን ተዋናዩ ቺራንጂቪ የሚሠራበት የ2004ቱ የቴሉጉ ቋንቋ ሪሜክ (ድጋሚ የተሠራ ፊልም) ነው። ታሪኩ አንድ ቢሆንም ሪሜክ እንደ አዲስ ስለሚቀረጽ ሰዓቱን ብታስተካክለውም አይገጥምም። አጥፋውና በቴሉጉው ስምና ዓመት ፈልግ። ሳንጃይ ደት ካለበት ሂንዲው፣ ካማል ሃሳን ካለበት ታሚሉ ነው።

ትክክለኛው ተገኝቶ ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ፣ በዊንዶውስ ቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ) ላይ የH ቁልፍን ተጫን፤ ከዘገየ የG ቁልፍን። በአንድ ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳል።

ግን ተጠንቀቅ፦ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ቀስ በቀስ የሚርቅ ከሆነ ቁልፎቹ አይረዱህም። የፍሬም ፍጥነቱ (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) ተለያይቷል ማለት ነው፤ 25 እና 23.976 ሲገናኙ በሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይራራቃሉ። ከአንድ ዘፈን በኋላ በድንገት ከተዛባ ደግሞ ዘፈኑ ከፋይልህ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቅጂ ፈልግ።