የሕፃን አልጋ ምን ይቀባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። መምህር ነኝ። እኔና ባለቤቴ ለመስከረም የመጀመሪያ ልጃችንን እየጠበቅን ነው። አባቴ አናጺ ስለነበሩ መጋዝና መላጊያ አያስፈራኝም። ለሕፃኑም የዋንዛ አልጋ በእጄ ሠርቼ ገጥሜያለሁ። የቀረው መቀባቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን መካሪ በዛብኝ። አማቴ «በኑግ ዘይት እሸው፣ ይበቃዋል» ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ «ላኬር አስረጭበት፣ በአንድ ቀን ያልቅልሃል» ይለኛል። ልጁ ቢነክሰው የማይጎዳው፣ ሽንትና ውሃ ቢነካውም የማይበላሸው የትኛው ነው? ግንቦት እያለቀ ስለሆነ ቶሎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህን ማርያም በሽልም ታውጣት።

ከቅቡ ዓይነት በፊት ቀኑን እናስላ። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ቨርኒሽ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅ ላይ መያዙን ያቆማል። ሰው ያኔ ደረቀ ብሎ ፍራሽ ያነጥፍበታል። ቅቡ ግን ገና ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ እስከ ታች እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ የሚሸተው ሽታ ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የባሕር ዳርን አየር ታውቀዋለህ። በር አብጦ አልዘጋም ይላል፣ የታጠበ ልብስ ቀናት ይፈጃል። ቅብም ይዘገያል። ስለዚህ የመጨረሻውን እጅ እስከ ሰኔ አጋማሽ ቀብተህ ጨርስ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለአየሩ ተወው። አልጋው ባለቤትህ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ እንዳይቆም፤ በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ በሚከፈት ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

አሁን ወደ መካሪዎችህ እንምጣ። የአማትህ ሐሳብ መነሻው ጥሩ ነው። የሚበላ ነገር ልጅን አይጎዳም ብለው ነው። ችግሩ ኑግ ዘይት በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እንጨቱ ላይ ለብዙ ጊዜ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቆይም ይሸታል። በፓልም ዘይትማ ጨርሶ አይሞከርም፤ መቼም አይደርቅም። አየር ሲያገኝ በእውነት የሚጠነክረው የተልባ ዘይት ነው። ለአማትህ ይህንን በአክብሮት ንገራቸው፤ ተልባ ስትላቸው ደስ ይላቸዋል።

ላኬሩን ግን አልመክርህም። ቶሎ መድረቁና ማማሩ እውነት ነው። የሚቀጥንበት ቲነር ግን ለነፍሰ ጡር ሴት የሚሆን አየር አይደለም፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ርጭት ቤት ብትወስደውም ምን ከምን ጋር ቀላቅለው እንደሚረጩት አታውቅም። ለቡፌና ለቁም ሣጥን ይሁን፤ ለሕፃን አልጋ ጣሳውን ራሴ አንብቤ ካልከፈትኩት እኔ አላምንም።

እኔ የምልህ ይኸውልህ። አልጋውን በሁለት ዓይነት ቅብ ጨርሰው። ዘንጎቹን፣ እግሮቹንና ፍራሽ የሚያርፍበትን ርብራብ በውሃ በሚቀጥን ቨርኒሽ ቀባቸው። የላይኛውን አግዳሚ ደግሞ በተልባ ዘይት ብቻ እሸው።

ምክንያቱን በዓይንህ ልታየው ትችላለህ። ዘመድ ቤት ያለ፣ ልጆች ያደጉበት አሮጌ አልጋ ካለ ሄደህ አግዳሚውን እይ። ትንንሽ የጥርስ ምልክት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተደርድሯል። ቨርኒሹም ከሌላው ቦታ ሁሉ ቀድሞ የተላጠው እዚያው ላይ ነው። ልጅ ጥርስ ማብቀል ሲጀምርና ተደግፎ ሲቆም አፉ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ቨርኒሽ ከላይ የሚሸፍን ሽፋን ስለሆነ ሲነከስ ይሰነጠቅና ይላጣል። የተላጠው የት እንደሚገባ ታውቀዋለህ። ዘይት ግን እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ የሚላጥ ነገር የለውም። ሲደበዝዝ እንደገና ታሸዋለህ፣ አለቀ። ርብራቡ በአንጻሩ ሽንት ያገኘዋል፣ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። እዚያ ዘይት አይችልም፤ ቨርኒሽ ያስፈልጋል።

ቨርኒሹን ስትገዛ ጣሳው ላይ ለቤት ውስጥ የተሠራ መሆኑን አይተህ ግዛ። ለውጭ በርና መስኮት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሻጋታ የሚገድል ኬሚካል ተጨምሮበታል፤ ለልጅ አልጋ አይሆንም። ኢ ኤን 71-3 የሚል ጽሑፍ ካገኘህ በጣም ጥሩ ነው። ይህ አውሮፓውያን ለልጆች መጫወቻ ያወጡት መለኪያ ነው፤ እንደ እርሳስ ያሉ ጎጂ ነገሮች ከቅቡ ምን ያህል ሊወጡ እንደሚችሉ ይወስናል። ምንም ያልተጻፈበትን፣ ከትልቅ በርሜል እየተቀዳ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ግን አትንካው።

ሥራው ከባድ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 120 ጀምረህ በ180 አድርገህ በ220 ጨርስ። ጠርዝ ሁሉ ይድቦልቦል። ከዚያ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው። ሲደርቅ ፀጉሩ ይቆማል፤ በ220 ቀለል አድርገህ ድገመው። ይህንን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው እጅ ከደረቀ በኋላ እንጨቱ ለምን እንደሻከረ ግራ ይገባዋል። አግዳሚውን በፕላስተር ሸፍነህ ቨርኒሹን ሦስት ስስ እጅ ቀባ፤ ከታች በኩል ያለውን የማይታየውንም ጭምር። አንዱ ጎን ተቀብቶ ሌላው ከቀረ እንጨቱ እርጥበት የሚስበው በአንድ ወገን ብቻ ስለሚሆን ክረምት ላይ ይጣመማል። ቨርኒሹ ካለቀ በኋላ ፕላስተሩን አንሳና አግዳሚውን በዘይት እሸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቀህ ያልገባውን ጠርገህ አንሳ። የተረፈ ዘይት ነው የሚያጣብቀው። ሳምንት ቆይተህ ድገመው፤ ሁለት እጅ ይበቃል።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

ሰም የሚጨምሩበት አሉ። ጎጃም ሰፈፍ ሞልቷል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ሰፈፍ ውስጥ ግን ማር ይቀራል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ማር አይሰጥም። በአፉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይቅር። እግሩን ምስጥ እንዳይበላው ብለህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳታስነካው ደግሞ። ለአጥር ቋሚ የሚደረገው ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ የሚድህበት ቤት ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አፍንጫህን መጋጠሚያዎቹ ጋ አስጠግተህ አሽት። ሽታ ከቀረ ፍራሹን አታንጥፍ፤ በረንዳ ላይ ይቆይ። የማይታይ ቦታ ላይ ቨርኒሹን በጥፍርህ ተጫነው፤ ምልክት ከያዘ ገና ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአባይ ማዶ ነኝ። የስድስት ወር ልጅ አለኝ። እህቴ የልጆቿን አሮጌ አልጋ ሰጠችኝ። ደማቅ ቢጫ ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተነሥቷል። ፍቄ ሌላ ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትፋቂው። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች ድሮ በብዛት የሚሠሩት እርሳስ ባለበት ዱቄት ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠንም የለውም። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ያዛል። የእህትሽ አልጋ ግን መቼ፣ በምን እንደተቀባ የሚነግርሽ የለም። ስትፍቂው የሚቦነው አቧራ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ልጅሽ ደግሞ መዳህ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። በእሳት መላጥም እንዲሁ አደገኛ ጢስ አለው። ከላይ በአዲስ ቀለም መሸፈኑም ዋጋ የለውም፤ ልጁ ነክሶ ነክሶ ከታች ያለው ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ይህ አልጋ ለልጅ አይሁን። የተነሣውን ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቢና ጨርቁን ጣይው፣ መጥረጊያ አትጠቀሚ። ልጅሽ እስካሁን ተኝቶበት ነክሶት ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። እህትሽም ታናሽ ልጅ ካላት እንደዚሁ ንገሪያት። ሌላ አልጋ ስታሠሪ ደግሞ ሜትር ይዘሽ ሂጂ፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።