አማካይ ስሙ ይጠራል

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም አንድ ልጅ ደወለልኝ። ዕድሜው 19 ነው፤ የሚጫወተው አማካይ ቦታ ላይ ነው። ስልኬን የሰጠው አጎቱ ነው። «ጋሼ፣ ለብሔራዊ ቡድን የምደርስ ይመስልዎታል?» አለኝ። ምን እንደምለው እያሰብኩ ሳለ ሌላ ጨመረ። «ከዕድሜህ ሦስት ዓመት ቀንስ የሚሉኝ አሉ። ወረቀቱን የሚጨርስልኝ ሰውም ተገኝቷል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኩት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አልደወልኩም። ይኸው በጽሑፍ መጣሁ፤ እሱን የመሰላችሁ ሁሉ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ከችሎታው ልጀምር። አምና ለለቅሶ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሳለ ሲጫወት አይቼዋለሁ። ለአሥር ደቂቃ ብዬ ሜዳ ዳር ቆሜ ጨዋታው እስኪያልቅ ቀረሁ። የገረመኝ ሰው ማለፉ አይደለም። ሰው የሚያልፍ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ይህ ልጅ ኳሷ እግሩ ሥር ሳትደርስ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው ያያል፤ አንዴ በቀኝ ትከሻው፣ አንዴ በግራው። ስትደርስ የት እንደሚልካት ቀድሞ ጨርሷል። ይህን ለማስተማር 30 ዓመት ደክሜያለሁ። የገባቸው ልጆች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ።

ጉድለትም አለው። ግራ እግሩን ለመቆሚያ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ደግሞ ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። ሳንባው አይደለም፣ ፍኖተ ሰላም አድጎ ሳንባ አይጎድለውም። ልማድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «ልትደርስ ትችላለህ» ነው። «ትደርሳለህ» አላልኩም።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በ1989 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ከረቡዕ ገበያ በኩል የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከጓደኛው ጋር ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ዓርብ ከሰዓት በእግሩ አገሩ ይገባል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በሶና ድርቆሽ ነው ብዙውን ጊዜ። ሰኞ ልምምድ ላይ ከሁሉም የማይደክመው እሱ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም። አንድ ጊዜ ስሙን ወስጄበታለሁ፣ ይበቃል።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ከ17 ዓመት በታች ውድድር መጣ። ልጁ 18 ሞልቶታል። እናቱ የተወለደበትን ስትናገር «በረዶ ገብሱን የፈጀው ዓመት» ነው የምትለው፤ እኔ ቆጥሬ 1971 ላይ አደረስኩት። እቤት ግን የ15 ዓመት ታናሽ ወንድም አለው፣ እሱም ተማሪ ነው። የታናሹን ስምና ዕድሜ ወሰድን። ወሰድን ስል ወሰድኩ ማለቴ ነው። ወረቀቱ ላይ የታላቁን ፎቶ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማኅተሙን ያስመታሁት እኔ ነኝ። ቴሴራውም፣ የተጫዋች መታወቂያው ማለቴ ነው፣ በዚያው ወረቀት ተሠራ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነበር። እውነትም ሁሉም ያደርግ ነበር፤ ስንቱ «ታዳጊ» ጢሙን ተላጭቶ ሜዳ ሲገባ አይተናል።

አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ሲወርድ አጠገቡ ተቀምጬ አስጠናው ጀመር። «ስምህ ማነው?» የወንድሙን ስም ይላል። «መቼ ተወለድክ?» ይላል። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ይላል። ያኔ አዲሱ ድልድይ አልተሠራም። አሮጌው ድልድይ ላይ ስንደርስ ሁላችንም በመስኮት ወንዙን ለማየት ተንጋጋን። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ቲቸር፣ ጎል ባገባ በሬዲዮ የሚጠሩት ማንን ነው?» አለኝ።

ሳቅሁ። «አንተ አግባ እንጂ» አልኩት።

በመጀመሪያው ጨዋታ አላገባም፣ ሁለት ግን አመቻችቶ አስገብቷል። ማታ ያደርንበት ድረስ መጥተው ስለ እሱ የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። ሌሊቱን በደስታ አልተኛሁም።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ የሆነውን ዛሬም አየዋለሁ። የቀኝ ክንፍ ተጫዋቻችን ብቻውን ነው፣ ኳሷ ልጁ ጋ ናት። ክንፉ ጮኾ ጠራው። የወረቀቱን ስም ሳይሆን እናቱ ያወጣችለትን። ጓደኛው ነው፣ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት፣ ምን ያድርግ? ቀጥሎ አጥቂው ጠራው። ቀጥሎ ተከላካዩ። ጉዱ አማካይ መሆኑ ነው። በረኛ ቢሆን በአንድ ጨዋታ ሁለቴ ቢጠራ ነው። አማካይን አሥሩም ይጠሩታል፣ ኳስ የፈለገ ሁሉ ይጠራዋል። እኔ ከዳር ሆኜ የወረቀቱን ስም እየጮኽኩ ላርም ሞከርኩ። ዞሮም አላየኝ። የሱ ስም መሆኑን ረስቶታል።

የተቃራኒው ቡድን አሠልጣኝ የስም ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ከላይ ወደታች ሲያወርድ አየሁት። ድጋሚ አወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ።

ክስ ተያዘ። ማታ ኮሚቴው ጠራን። ጠረጴዛው ላይ ቴሴራው ተቀምጧል። «ስምህ ማነው?» አሉት። አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየሁ። እውነተኛ ስሙን ተናገረ። ዕድሜውንም ተናገረ። «ወረቀቱን ማን ሠራልህ?» አሉት።

«እኔ ራሴ» አለ።

ከእሱ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። አፌን አልከፈትኩም።

ልጁ ሁለት ዓመት ታገደ። ቡድኑ ከውድድሩ ወጣ። ለእኔ «ለወደፊቱ ተጠንቀቅ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በዓመቱ የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

የእገዳው ደብዳቤ ደግሞ ሁለቱንም ስም ይዞ ነው የመጣው። እናትየው ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ረቡዕ ገበያ ሄድኩ። ቆሎ አቀረበችልኝ፣ ጠላ ቀዳችልኝ። ይቅርታው ከአፌ ሳይወጣ እሷ ቀደመችኝ። «መምህር፣ ትንሹ ልጄ ምን አጠፋ? አዲስ አበባን እኮ ረግጧት አያውቅም» አለች። ትንሹ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተመርጦ ሊመዘገብ ሲል በስሙ እገዳ አለ ተባለ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ባገኘኝ ቁጥር «ቲቸር፣ አዲስ አበባን ሳላያት የተቀጣሁ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይቀልዳል። አብሬው እስቃለሁ።

ታላቁ እገዳው ሲያልቅ አልተመለሰም። ድንች ይነግዳል። በ1993 ዓ.ም. ወጣት ቡድናችን ለዓለም ወጣቶች ዋንጫ አርጀንቲና ሲሄድ ወሬውን ከሰው ጋር ላወራ አልቻልኩም። ዋልያዎቹ 31 ዓመት ርቀውት ወደ ነበረው አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ፣ ጥር 2005 ከዛምቢያ ጋር የተጫወትን ዕለት፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ካፌ ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ በአሥር ሰው ቀርተን አዳነ ግርማ አገባ። ካፌው ተናወጠ። ከኋላዬ አንድ ሰው አቀፈኝ። ዞር ስል እሱ ነው። ገበያ መጥቶ ነው። «ቲቸር፣ አዳነ! አዳነ!» ይላል። አዳነ ሲል ስሙን ሙሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠራው። ወደ ውጭ ወጣሁ። ጨዋታው 1 ለ 1 ማለቁን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ዕድሜ ቀንስ የሚሉህ ሰዎች የዛሬን አሠራር የሚያውቁ አይመስለኝም። ፊፋ ከ2002 ዓ.ም. የናይጄሪያው ከ17 በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሳል። ልጅ እያለህ አንጓህ አጠገብ ያለው አጥንት ጫፍ ላይ የሚያድግበት ክፍተት አለ። ስታድግ ይዘጋል። የተዘጋ ከሆነ ቀበሌ የሰጠህን ወረቀት የሚያነብልህ የለም። እርግጥ እዚህ አገር የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ አንተ ከዚያ በፊት ስለተወለድክ ወረቀትህ እንደ ሊጥ ነው፣ የፈለገ ይጠፈጥፈዋል። አጥንትህ ግን አይጠፈጠፍም።

ደግሞስ የምን 16 ነው? የጠየቅኸኝ ስለ ብሔራዊ ቡድን ነው። ዋናው ቡድን ዕድሜህን አይጠይቅም። ቻን የሚባለው የአፍሪካ ውድድር በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ እኛም ተሳትፈንበታል። ባህር ዳር ከነማ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነው። መንገዱ ከደጅህ ይጀምራል። 19 ዓመት ዘግይቷል የሚልህን አትስማ። እርግጥ ትንሽ ዘግይቷል፤ ግራ እግር በ12 ዓመት ቢለመድ ነበር ጥሩው።

ስለ ልምምድና ስለ እንቅልፍ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። የዛሬ ልጆች ቡድን ሳትይዙ የፀጉር ቁርጥ ትይዛላችሁ። ቤቲንግ ቤት ቁጭ ብሎ የእንግሊዝን አማካይ ሲተነትን የሚውለው ልጅ፣ የራሱ ቡድን ልምምድ ላይ ግን አይታይም። ቲክቶክ ላይ የምትለቁት ሃያ ሰከንድ ውስጥ ኳስ ተነጥቆ ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን እያልኩ አጎትህ በቴሌግራም የላከልኝን ቪዲዮህን ሦስቴ አይቼዋለሁ። ጥሩ ነው፣ ላክ። እኔ ዘመን ቪዲዮ ቢኖር ስንቱ ልጅ በታየ ነበር።

ያንን ወረቀት የሚጨርስልህን ሰው አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ አብሮህ ይቀርባል? «የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል? እኔ አላልኩም፤ ያውም ልጁን እንደ ልጄ እወደው ነበር።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ፍኖተ ሰላም እመጣለሁ። ሜዳ ዳር ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ካየህ ጨዋታህን አታቋርጥ። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል። ግራ እግርህን ነው የማየው።