«ትኋን ለመልቀም ነው የተማርሽው?» ለተባለች ተማሪ

ውድ ጠያቂያችን፣ ፈረንሳይ የባዮሎጂ ማስተርስሽን እየጨረስሽ ሳለ ደቡብ አልጄሪያ ሆጋር ተራሮች የሚሄድ የጥናት ቡድን ሄቴሮፕቴራ የሚባሉትን፣ በመርፌ መሰል መምጠጫ የሚመገቡትን ነፍሳት እንድትሰበስቢለት ጠይቆሻል። አምስት ሳምንት ነው፣ ደመወዝ የለውም። እናትሽ «ትኋን ለመልቀም ነው የተማርሽው?» ይላሉ፤ ዱባይ ያለው ወንድምሽ ባንክ እንድትገቢ ይፈልጋል። አንቺን ያስጨነቀሽ ነገሩ እንጀራ ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

እናትሽ አልተሳሳቱም፣ ትኋን የዚሁ ወገን ነው። የቡና ፍሬ የሚመጥጠው አንቴስቲያ የሚባለው ተባይም እንዲሁ። የዕፅዋት ኳራንቲንና የእርሻ ምርምር ነፍሳቱን አይቶ ስማቸውን የሚናገር ሰው ይፈልጋሉ። ሌሊት አንሶላ ዘርግቶ ነፍሳቱን በመብራት መሳብን፣ ቁጥቋጦ እያራገፉ መልቀምን ግን ማንም በሳምንት ይለምደዋል። እንጀራ የሚሆነው ከመልስ በኋላ ያለው የጠረጴዛ ሥራ ነው። ስለዚህ የሰበሰብሽውን ራስሽ በመርፌ እንድትሰኪና ዝርያውን እንድትለዪ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር፣ በጽሑፍ ካልተስማሙልሽ አትሂጂ።

ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቅሽ ይህ ነው። ትልልቆቹ መርፌ የሚገባባቸው በጀርባቸው ባለው ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ፣ ከመሃል መስመሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። መሃሉን ከወጋሽ ከሆዱ በኩል መምጠጫውና የእግሮቹ መነሻ ይበላሻሉ፤ ዝርያው የሚለየው ደግሞ በእነሱ ነው። ትንንሾቹ በሦስት ማዕዘን ካርቶን ጫፍ ላይ በቀኝ ጎናቸው ይጣበቃሉ። ሙጫው ከመርፌ ራስ ከበለጠ ሆዱን ይሸፍነዋል። ሚሪዴ የሚባሉት ስሶች አንድ ብልቃጥ ውስጥ ከታጨቁ እግራቸውና አንቴናቸው ይረግፋል፤ አረንጓዴዎቹን አልኮል ቀለማቸውን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ በደረቁ ያዣቸው። ለዲኤንኤ የሚፈለጉት 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባሉ። በበረሃ ሙቀት አልኮል ቶሎ ይተናልና ክዳኑን በየማታው ፈትሺ።

መለያ ወረቀቱን በእርሳስ ጻፊ፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ወረቀቱ ብልቃጡ ላይ አይለጠፍም፣ ውስጥ ይገባል። አገር፣ ቦታ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከፍታ በሜትር፣ ቀን፣ ሰብሳቢ፣ ዘዴ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተገኘበት ተክል። አብዛኛው ሰው ተክሉን «በኋላ እጽፋለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ያኔ ናሙናው ግማሽ ዋጋውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1928 ሆጋር የሄደው ሳይንሳዊ ጉዞ ያመጣው ናሙና ዛሬ ከአዲስ ናሙና ጋር የሚነጻጸረው ቦታውና ቀኑ ስለተመዘገበ ብቻ ነው።

የአልጄሪያ የመሰብሰቢያና ናሙናውን ከአገር የማውጫ ፈቃድ በቡድኑ እጅ መሆኑን አረጋግጪ፤ ያለ ፈቃድ በወጣ ናሙና ላይ ሥራሽን ማሳተም ይቸግርሻል።

ወንድምሽ ስላስተማረሽ ምስጋና ይገባዋል፤ ሙያሽን መምረጥ ግን የሱ ድርሻ አይደለም። እስከ መቼ እንደምትታገዢና ከየትኛው ወር ጀምሮ ሥራ እንደምትፈልጊ ቁርጥ ያለ ቀን ንገሪው። የራስሽን ገንዘብ ከፍለሽ ግን አትሂጂ። ዛሬ ማታ ለቡድኑ መሪ ጻፊ፤ መጀመሪያ የምትጠይቂው ትኬቱን፣ ምግቡንና የጤና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል ነው።