ፎቶግራፉ አልተገለበጠም ነበር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሲያትል አጠገብ ሬንተን በምትባል ከተማ የታክሲ ሾፌር ነኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የምጭናቸው አንዳንድ መንገደኞች ሆቴል ከመግባታቸው በፊት ወደ ጂሚ ሄንድሪክስ መቃብር ውሰደን ይሉኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ ሽበታም ሰውዬ ድንጋዩን ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁ። ሲመለስ ምን ብዬ እንደማጽናናው ጠፋኝ፤ ስለ ሟቹ የማውቀው በመድኃኒት መሞቱን ብቻ ነውና። ለመሆኑ ማን ነበር?
ሾፌሩ፣ ከሬንተን

መልስ፦ ልጄ፣ ጂሚ ሄንድሪክስ አሜሪካዊ የሮክ ጊታር ተጫዋች ነበር። ሁሉም የሚጀምረው ከሞቱ ስለሆነ አልቀየምህም። ቶሎ እንለፈው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ ክኒን ወስዶ በተኛበት ትውከቱ አፍኖት ሞተ፤ የ27 ዓመት ሰው ነበር። በእኛ መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የእንቁጣጣሽ አደይ ገና ሳይጠወልግ። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው።

ይልቅ አንተ ስለምታውቀው ሰፈር ላውራህ። ሲያትል፣ ቼሪ ጎዳና፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት። ከዚያ ራመድ ብሎ ያለው ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእሱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሳይጨርስ ወጣ እንጂ። በ1942 እዚያው ሲያትል ተወልዶ በችግር ነው ያደገው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ መጥረጊያ እንደ ጊታር አቅፎ ይዞር ስለነበር የትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጊታር ይገዛለት ብላ ጠየቀች፤ እምቢ አሏት። በኋላ አባቱን ሊያግዝ ሄዶ የሰው ቤት ሲያጸዱ፣ ከቆሻሻው መካከል አንድ ክር ብቻ የቀረላት ኡኩሌሌ የምትባል ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ አገኘ። በዚያች በአንዲት ክር፣ በጆሮው እየለቀመ ዜማ መምታት ጀመረ። የመጀመሪያው እውነተኛ ጊታር የተገዛው በ5 ዶላር ነው።

ወታደርም ነበር፤ 101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር። ከዚያ ሲወጣ እነ ዘፋኙ ሊትል ሪቻርድን ከኋላ ሆኖ በጊታር አጀበ። በ1966 ቻስ ቻንድለር የተባለ እንግሊዛዊ የባስ ጊታር ተጫዋች ይዞት ለንደን ገባ፤ ሴፕቴምበር 24 ቀን። ከዚያች ዕለት አንሥቶ ብትቆጥር፣ ሲሞት አራት ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። በሕይወቱ ከስቱዲዮ ያወጣቸው አልበሞች ሦስት ናቸው። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚህችው አጭር ጊዜ ነው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። እኔ ግራኝ ነኝ። ግራ እጄን ወደ ሞሰቡ በዘረጋሁ ቁጥር እናቴ በጭልፋ ጀርባ ታቀምሰኝ ነበር። ወጣት ሳለሁ ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ የውጭ መጽሔት ውስጥ የሄንድሪክስን ፎቶግራፍ አየሁ። ጊታሩን የያዘው በእኔ አያያዝ ነው! መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱ ፎቶውን ገልብጦ ያተመው መሰለኝ። ከዚያ በጊታሩ ራስ ላይ ያለውን የፋብሪካ ስም ልብ አልኩት። ፎቶ እንደ መስተዋት ሲገለበጥ ፊደሉ ወደ ኋላ ነው የሚነበበው፤ ይህኛው ግን እግሩ ወደ ሰማይ ተዘቅዝቆ ነበር። ፎቶው ደህና ነው፣ የተዘቀዘቀው ጊታሩ ነው። ባለ ሱቁ ካልገዛህ ልቀቅ እስኪለኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ለቀኝ እጅ የተሠራውን፣ ስትራቶካስተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን ፈትቶ፣ ወፍራሙ እንደ ደንቡ ከላይ እንዲሆን መልሶ ይገጥማል። እንዲህ ሲሆን የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹና የማወዛወዣው ዘንግ ከታች የነበሩት ወደ ላይ ይመጣሉ። ወደ ጊታሩ ቂጥ ያለው ድምፅ ለቃሚ ማግኔት በሰያፍ የተገጠመ ነው፤ ጊታሩ ሲዞር ሰያፉም ይዞራል፤ ስለዚህ ቀጫጭኖቹ ክሮች ለስለስ፣ ወፋፍራሞቹ ጠራ ብለው ይወጣሉ። ሰዎች አስማት የሚሉት ድምፅ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ የቀረው ግን ከጣቶቹ ነው፣ እሱን በመፍቻ ፈትቼ ላሳይህ አልችልም።

ያ ሽማግሌ ያለቀሰው ምናልባት ዉድስቶክ ለተባለው ታላቅ የሜዳ ላይ የሙዚቃ ድግስ ይሆናል። ኦገስት 18 ቀን 1969፣ ሰኞ ማለዳ፣ አብዛኛው ሕዝብ ጭቃውን አራግፎ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ተጫወተ። ግጥሙ ሮኬትና ቦምብ የሚጠቅስበት ቦታ ሲደርስ ጊታሩ ራሱ ቦምብ ሆነ፤ ያፏጫል፣ ይወርዳል፣ ይፈነዳል። በመካከሉ ለወታደር ቀብር የሚነፋውን የመለከት ዜማ ጣል ያደርጋል። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነበር፤ የሚጫወተውም የቀድሞ አየር ወለድ።

መቃብሩ ላይ ያለው በሦስት ምሰሶ የቆመ የድንጋይ ጉልላት የተሠራው በኋላ ነው፤ አስከሬኑ ወደዚያ የተዛወረው በ2002 ነው። እናቱም የተቀበረችው በዚያው መካነ መቃብር ነው። በሚቀጥለው የምትጭነውን እንግዳ በመልሱ በጋርፊልድ በኩል አዙረው፤ ሂሳቡ ላይ ግን እንዳትጨምርበት።

ጥያቄ፦ የሮክ ሙዚቀኞች በ27 ዓመታቸው የሚሞቱት በእርግማን ነው ይባላል። እውነት ነው?
ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። ብራያን ጆንስ፣ ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ጂም ሞሪሰን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም በ27 ስለሞቱ ወሬው ተወለደ፤ በ1994 ከርት ኮቤይን ሲጨመር ጠነከረ። በ22 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ የሞተውን በዲ ሆሊን፣ በ24 ዓመቱ በሞተር ብስክሌት የሞተውን ዱዌን ኦልማንን ግን ማንም ለእርግማኑ አይቆጥራቸውም። በ2011 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ1,000 በላይ ሙዚቀኞችን ቆጥሮ 27 ላይ የተለየ ነገር አላገኘም፤ ዝነኞቹ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው አብዝተው መሞታቸውን ግን አገኘ።

ጆፕሊንን ካነሣን አይቀር፦ ከሄንድሪክስ 16 ቀን በኋላ ነው የሞተችው። በኑዛዜዋ ወዳጆቿ ይጠጡበት ብላ 2,500 ዶላር ትታ ነበር፤ ጠጡበትም። ተዝካሯን ራሷ ደግሳ ሄደች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ግራኝ ናት፤ ጊታር መማር ትፈልጋለች። አስተማሪዋ በቀኝ ካልሆነ አላስተምርም አለ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እመቤቴ፣ መጀመሪያ ጊታሩን ዝም ብለው ያቀብሏትና በየትኛው እጇ እንደምትመታው ይመልከቱ። በግራ ከሆነ ይተዉአት። ለግራኝ የተሠራ ካላገኙ፣ ሁለቱ ትከሻዎቹ እኩል የሆነ ተራ የእንጨት ጊታር ይግዙና ክሮቹ በተቃራኒው ይገጠሙላት። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት ባለ ቦይ ትንሽ አጥንት አለች፤ እሷም አብራ መለወጥ አለባት፣ አለበለዚያ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦይ ውስጥ አይገባም። አስተማሪውን ደግሞ ሌላ ይፈልጉ።