ብርሃኑን ታውቂዋለሽ፣ ፈሳሹን ልመጂው

«በፊዚክስ ተመርቄ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀምሬያለሁ። በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ያለን ንጥረ ነገር በብርሃን በሚለይ የዌቭጋይድ (ብርሃንን እንደ ቦይ የሚመራ ስስ መስመር) ሴንሰር ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ሁለት የመመረቂያ ርዕሶች ቀርበውልኛል፤ አንዱ የቺፑን ቅርጽ በሲሙሌሽን ማሻሻል ነው፣ ሌላው የተሠራ ቺፕ በደም ሴረም መፈተን። ኬሚስትሪ ከነካሁ ቆይቻለሁ። ሲሙሌሽኑ አይሻለኝም?»

አይሻልሽም፣ እህቴ።

ብርሃን በዌቭጋይዱ ውስጥ ሲጓዝ ጥቂቱ ወደ ፈሳሹ እንደሚዘልቅ ታውቂያለሽ። የሚዘልቀው ግን በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ናኖ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሴንሰሩም የሚያየው ያችን ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። እዚያ የተተከለ አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የሚፈልገውን ፕሮቲን ሲይዝ፣ የንጣፉ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ፣ ማለትም ብርሃንን የሚያዘገይበት መጠን፣ በጥቂቱ ይለወጣል። ለውጡን በቀለበት ሬዞኔተርም (ብርሃን በሚዞርበት ቀለበት) ሆነ በኢንተርፌሮሜትር (ሁለት የብርሃን መንገዶችን በሚያነጻጽር) ማንበብ ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ሉኮሽና ቲፈንታለር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዙሪክ ላይ ዌቭጋይድን ለሴንሰርነት ካዋሉት ወዲህ ይህን ክፍል ስንቱ ሲያሻሽለው ኖሯል! አንድ አዲስ ቀለበት ይዘሽ ብትመጪ፣ በብዙ ቀለበቶች ላይ አንድ ጨመርሽ ማለት ነው።

አስቸጋሪው ከንጣፉ በላይ ያለው ነው። እስኪ አስቢው፤ ክምችቱ አንድ ፌምቶሞላር በሆነ (እጅግ የሳሳ ነው) አንድ ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች 600 ያህል ናቸው። እነሱም አንቲቦዲው የተተከለበት የቺፑ ወለል ላይ መድረስ አለባቸው። በቀጭን ቦይ ውስጥ ፈሳሽ አይናወጥም፣ በንብርብር ነው የሚፈሰው፤ ስለዚህ አንድ ፕሮቲን በራሱ ስርጭት 100 ማይክሮ ሜትር ለመሻገር አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሴረም ደግሞ በሊትር ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን አለበት፤ አብዛኛው አንቺ የማትፈልጊው ነው፣ ግን ያገኘው ወለል ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩ ማን እንደተለጠፈ አይጠይቅም።

ሙቀቱም አለ። የውሃ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከአሥር ሺህ አንድ ያህል ይቀንሳል። አንቺ የምታድኚው ከሚሊዮን አንድ የሚሆን ለውጥ ከሆነ፣ የዲግሪ አንድ መቶኛ ብቻ ሐሰተኛ ውጤት ሊያሳይሽ ይችላል። አንቲቦዲ የሌለበት የማነጻጸሪያ ቦይ ጎን ለጎን የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን የሚረዳ የፊዚክስ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ እጅግ ይፈለጋል፤ ስለዚህ «ፊዚክሴ ይባክናል» ብለሽ አትስጊ።

ኬሚስትሪው ያን ያህል አያስፈራም። ወለሉን ሲሌን በተባለ አያያዥ ኬሚካል ማዘጋጀት፣ አንቲቦዲውን ማያያዝ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ በአልቡሚን መሸፈን፣ በደንብ ማጠብ፤ ከሚያውቀው ሰው ጎን ቆመሽ በጥቂት ወራት ትለምጂዋለሽ። እጅ እንጂ ቀመር አይጠይቅም። (የአየር አረፋ ግን ያስለቅስሻል፤ ከወዲሁ ልንገርሽ።)

ለቅጥር ቃለ መጠይቅ እኛ ፊት ከቀረቡት እጩዎች አንዱን አልረሳውም። ያማረ ግራፉን ትቶ፣ ምንም ነገር ከሌለበት ናሙና ያገኘውን ግራፍ አወጣና «ይህ ጉብታ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ አረፋ ነበር» አለን። የቀሩትን ጥያቄዎች አሳጠርናቸው። የባዶ ናሙና ውጤቶችሽን አትጣያቸው።

ምርጫዬን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር አለ፤ ቺፑ ገና ካልተሠራ። የሲሊከን ናይትራይድ ቺፕ ከሌሎች ጋር ተጋርተው ሲያሠሩት ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል፣ የመመረቂያ ጊዜሽ ደግሞ አይጠብቅሽም። እንግዲያው ከመፈረምሽ በፊት አማካሪሽን ጠይቂያቸው፦ ቺፑ አሁን በእጃችሁ ነው? ወለሉን የሚያዘጋጅ ባዮኬሚስት በቡድኑ አለ? ሙቀቱን የምትቆጣጠሩትስ በምንድን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «የለም» ካሉሽ ሲሙሌሽኑን ያዢ፤ ነገር ግን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ላቦራቶሪ ገብተሽ ፒፔት እንድትይዢ ፈቃድ ጠይቂ።